የአጎቴ የዓይን ቆብ

የጤና ትምህርት ቤት የገባሁት ዘንድሮ ነው። ስለ ሕክምና የማውቀው ገና ጥቂት ስለሆነ ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጌ እንዳልጽፍ እጠነቀቃለሁ። ስለ አንድ የዓይን ቆብ ግን አብረውኝ ከሚማሩት ሁሉ የበለጠ አውቃለሁ፤ ሲቀደድም፣ ሲጠበስም፣ ሲሰፋም አጠገቡ ነበርሁ።

የዓይን ቆቡ የአጎቴ ነው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። ከድብ ባሕር በላይ ካለው ዳገት ላይ ያርሳል። ልጅ ሳለ ፈንጣጣ ቀኝ ዓይኑን አጥፍቶበት ስለነበር፣ ሲያርስም፣ ሲዘራም፣ ሚስቱን ሲመርጥም በግራው ብቻ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ ከልጆቹ ጋር ያሳደገኝ እሱ ነው። ጎንደር ስማርም ስንቄን የሚልክልኝ እሱ ነበር።

ባለፈው ዓመት ኅዳር፣ ገብስ ሲታጨድ፣ ልረዳው ከጎንደር ሄጄ ነበር። እርሻው ከአንድ ጎረቤት እርሻ ጋር ይዋሰናል። ወሰኑ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በየክረምቱ ወዲህ ወይም ወዲያ ይሄዳል ይባላል፤ ማን እንደሚያስኬደው ግን ያየ ሰው የለም። ያን ቀን ሁለቱም በየበኩላቸው እያጨዱ መጥተው ወሰኑ ላይ ተገናኙ። አጎቴ ማጭድህ ተሻግሯል አለው። ጎረቤቱ ቀና ሳይል፣ «በአንድ ዓይን ወሰን አይለካም፤ የሚያይ ሰው ጥራ» አለው። አብረውት የሚያጭዱት ሳቁ። አጎቴ ዱላውን አንሥቶ ትከሻው ላይ አሳረፈበት። ሊደግመው ሲያነሣ፣ ጎረቤቱ ካጎነበሰበት ማጭዱን እንደያዘ ተወርውሮ ተነሣ።

የማጭዱ ጫፍ ከአጎቴ ግራ ቅንድብ ሥር ገብቶ ቆቡን ዘንጥሎት ወጣ። አጎቴ አልጮኸም። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ነዶ ላይ ተቀመጠና፣ «እስቲ እየኝ፣ ዓይኔ አለ?» አለኝ። ደሙ እየወረደ ጢሙን አልፎ ጉልበቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። በነጠላዬ ጠረግሁት። ቆቡ በቀጭን ሥጋ ተንጠልጥሎ ጉንጩ ላይ ወርዷል። ከበስተኋላው ዓይኑ ሳይነካ ቀይ ውኃ ውስጥ እንደ ወደቀ ነገር ያየኛል። አለ፣ አልሁት።

ወጌሻው መጥቶ የተንጠለጠለውን ወደ ቦታው መለሰው። ደሙ አልቆም ሲለው ግን ብረት አግሎ ከቅንድቡ ሥር ጠበሰው። እጆቹን ሁለት ሰዎች፣ እግሮቹን እኔ ይዘን ነበር። ከሥሬ ሲወራጭ ጉልበቱ ደረቴን መትቶ ትንፋሽ አሳጣኝ፤ ቢሆንም አልለቀቅሁትም። የተቃጠለ ሥጋ ሽታ ልብሴን ካጠብሁት በኋላም አፍንጫዬ ውስጥ ነበር።

ቁስሉ ዳነ፤ ክፋቱ አዳዳኑ ላይ ነው። የተጠበሰው ቆዳ ፀሐይ ላይ እንደተሰጣ እርጥብ ቁርበት ተኮማተረ። ሲኮማተርም ቆቡን ወደ ላይ ስቦ ከቅንድቡ ጋር አጣበቀው። ከዚያ ወዲህ ያ ዓይን አልተከደነም። አጎቴ ሲተኛ ጥቁሩ ወደ ላይ ይገለበጥና ነጩ ፈጦ ይቀራል፤ የገዛ ልጆቹ አባታቸውን መቀስቀስ ፈሩ። እርጥብ ጨርቅ ጥሎበት ይተኛል፤ ጨርቁ ሲደርቅ እሳት እንደ ነካው ይነቃል። ዐውድማ ላይ እብቅ፣ በረት ውስጥ ዝንብ፣ ዳገት ላይ ነፋስ፣ ሁሉም እዚያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ክረምቱ ሲወጣ ከጥቁሩ በታች በኩል ነጭ ነገር ሲጀምር አየሁ። ሰው ሁሉ ጉም ውስጥ የቆመ ይመስለኛል ይለኝ ጀመር። ከዚህ ዓይን ሌላ ዓይን የለውም። እሱ ከጠፋ የሚጠብቀው ቦታ የታወቀ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ከለማኞች ጋር።

በአገራችን ደም ያለበት ቤተሰብ ቁስሉን አይሸፍንም። ሽማግሌ ተቀምጦ እስኪፈርድ፣ ወይም ደሙ እስኪመለስ ድረስ፣ የተጎዳው ሰው ጉዳቱን እንደያዘ መታየት አለበት። አስቀድሞ ያሳከመ ሰው ደሙን ትቶታል ይባላል። ይህን ልማድ ከሁሉ አጥብቆ የያዘው የአጎቴ ታላቅ ወንድም ነው። በጠላት ጊዜ አምስቱን ዓመት በዱር የኖረ፣ ከዱር ሲመለስም ጠመንጃውን እንጂ እርሻውን ያልወደደ ሰው ነው። ቤታችን ውስጥ ታናናሾቹ ሁሉ አያ ይሉታል። ጎረቤቱ ሽማግሌ ሲልክበት ውሻ ለቀቀባቸው። እርቅ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ያ ሰው አንድ ቀን ብቻውን ጫካ ሲሻገር ማግኘት ነው። እስከዚያ ድረስ ወንድሙን ሰርግ ቤት፣ ማኅበር ቤት፣ ገበያ እየወሰደ ከፊት ያስቀምጠዋል። ፊቱን ያየ ሁሉ የእኛ ወገን ይሆናል ብሎ ነው።

አንድ ቅዳሜ ደባርቅ ገበያ አብሬያቸው ነበርሁ። ነፋሱ አቧራውን ያነሣው ነበርና አጎቴ ሻሽ ቀዶ ዓይኑን አሰረ። ታላቁ ከሰው መካከል መጥቶ ሻሹን ከጠባሳው ላይ መነጨቀው።

«ምነው ትሸፍነዋለህ? ይህ ፊት የአንተ ብቻ መሰለህ?» አለው።

አጎቴ፣ «አያ፣ አቧራው ገደለኝ» አለው።

«ይግደልህ። ማን እንደገደለህ ሰው ያውቃል።»

ይህን ብሎ በጥፊ መታው፤ ያውም በዚያው በግራ በኩል። የቆሰለው ቆዳ ተሰንጥቆ ደም ወረደ። በርበሬ የሚሸጡት ሴቶች ፊታቸውን አዞሩ። አጎቴ ወንድሙን መልሶ አይመታም፤ በእኛ ዘንድ ታላቅን መምታት አባትን መምታት ነው። ቀኑን ሙሉ አቧራው ውስጥ ተቀምጦ ታየ።

መስከረም ላይ የጤና ትምህርት ቤት ስገባ፣ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ስለ ዓይን ነበር። የሆስፒታሉ ፈረንጅ ሐኪም ቆባቸው ወደ ውስጥ የታጠፈባቸውን፣ ፀጉሩ ዓይናቸውን የሚቧጭራቸውን ሴቶች አሳየን። ብዙዎቹ ወረንጦ ከአንገታቸው ከመስቀላቸው ጋር አስረዋል፤ በእሱ ነው የሚነቅሉት። ሐኪሙ ቆቡን ሰንጥቆ ወደ ውጭ ሲያዞረው፣ የተጣበቀ ቆብም ይላቀቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ተረጎመልኝ። ሐኪሙ ሰውየውን አምጣው ብቻ አለኝ።

እናቴ ዘንድ ላክሁ። አጎቴ ለታላቁ ሳይነግር እህል የጫነ ማኪና ላይ ወጥቶ መጣ። ሐኪሙ ቆቡን በጣቱ ወደ ታች ሊስብ ሞከረ፤ ንቅንቅ አላለም። ጠባሳውን ቆርጬ ቆቡን አወርደዋለሁ፤ ነገር ግን ሲወርድ ከላይ ባዶ ቦታ ስለሚቀር በቆዳ መሞላት አለበት፤ ከሰውነት ሁሉ ስሱ ቆዳ ደግሞ የዓይን ቆብ ቆዳ ነው፤ ከማያየው ዓይን ቆብ ላይ ቆርጬ እለጥፍበታለሁ አለ። ከዘገየ ነጩ ነገር ዓይኑን ይሞላዋል። አጎቴ ይህ ሁሉ ሲተረጎምለት ሰማና፣ «እንግዲያ የሞተው ለቆመው ሊያወርስ ነው። ሸጋ ነው» አለ።

የቀዶ ሕክምናው ዕለት እጁን እንድይዝ ተፈቀደልኝ። የማደንዘዣውን መርፌ ከቅንድቡ ሥር ሲወጉት መዳፌን ጨምቆ አጥንቴን አንቋቋው። ሌላ በሽተኛ መርፌ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። እሱ መጨፈን ስለማይችል መርፌውም፣ ምላጩም፣ የሐኪሙ ጣቶችም እየቀረቡ ሲመጡ ሁሉንም ያያል። ምላጩ ጠባሳውን ሲሰነጥቅ የሚሰማው ድምፅ ወፍራም አቡጀዴ እንደሚቀደድ ነው። ደሙ ዓይኑን ሞላው፤ ተጠረገ፤ እንደገና ሞላው። አያመኝም፣ ግን በደም ውስጥ ነው የማያችሁ አለ። ቆቡ ከቅንድቡ ተላቆ ሲወርድ ሐኪሙ ክር አስገብቶ ከታችኛው ቆብ ጋር ሰፋው። ከዚያ ከቀኙ ቆብ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቆዳ ገፈፈና በባዶው ቦታ ላይ አልብሶ በጥቃቅን ስፌት ያዘው። ሁለቱም ዓይኖቹ በፋሻ ታሰሩ። ክሩ እስኪፈታ ድረስ እንዳይነካ፣ እንዳይታሽ፣ እንዳይገፋ ታዘዘ። ቆዳው ከተነቃነቀ አይያዝም፤ ካልተያዘ ሁለተኛ የሚቆረጥ ቆዳ የለም።

በዚህ መካከል እናቴ ለአገሩ ሴቶች ሐኪሙ ለወንድሜ ቆዳ ይለጥፍለታል ብላ ነግራ ነበር። ከየት የመጣ ቆዳ እንደሆነ የጠየቃት የለም። በእኛ አገር መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ያጎደለ ይተካል። በሬ የገደለ በሬ፣ አጥር ያፈረሰ አጥር ይተካል። ስለዚህ ወሬው ሲዛመት፣ ቆዳው የሚወሰደው ከቆረጠው ሰው ነው ተብሎ ታመነ። የጎረቤቱ እናትም ይህንን ሰማች፤ ልጇን ከሞት የምታድንበት መንገድ የተከፈተላት መሰላት። ታላቁም ይህንኑ ሰማ፤ ለእሱ ግን እርቅ በስውር ሊፈጸም ነው ማለት ነበር።

አንድ ጠዋት አጎቴን እየመራሁ ከክፍሉ አውጥቼ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀምጬው ነበር። ጎረቤቱ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ እናቱን ከኋላው አስከትሎ ገባ። ይቅርታ ለማኝ ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃልና በሽተኞቹ መንገድ ለቀቁለት። አጎቴ እግር ሲቆም ሰምቶ ማን ነው አለኝ። ነገርሁት። ፊቱ ከፋሻው በታች ደነደነ።

ሴትዮዋ የልጇን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስባ ክንዱን አወጣች። «ቆዳውን አምጥቼላችኋለሁ» አለች። «ከክንዱ ውሰዱ፤ ከክንዱ ካልሆነ ከጀርባው ውሰዱ። ነፍሱን ብቻ ተዉልኝ።»

ድሬሰሩ መጥቶ፣ እሜቴ፣ የሌላ ሰው ቆዳ አይበቅልም፤ ደግሞም ተሠርቶ አልቋል አላት። አላመነችውም። ቆዳውን አንፈልግም ማለት እርቅ አንፈልግም ማለት መሰላት። ከነጠላዋ ጫፍ ምላጭ ፈትታ የልጇን ክንድ እሷው መሰንጠቅ ጀመረች። ልጁ ድንጋዩን እንደተሸከመ ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ድሬሰሩ እጇን ጠምዝዞ ምላጩን ሲቀማት ደሙ እስከ ጣቱ ወርዶ ነበር።

አጎቴ የሚሆነውን አያይም። ምንድን ነው፣ ምንድን ነው እያለ እጄን ይጎትታል። ልነግረው አፌን ስከፍት ታላቁ በበሩ ገባ። ጠመንጃውን ዘበኛው አስቀርቶበታል፤ ዱላውን ግን በሽተኛ የሚደገፈው መስሎት ተወለት። የመጀመሪያው ምት ጎረቤቱን ከትከሻው ላይ አገኘውና ድንጋዩ ተንከባሎ ወደቀ። ሁለተኛው ክንዱን ሰበረው፤ ሲሰበር ሰማነው። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ሰው እጁን አያነሣም፤ እሱም አላነሣም። እናቱ ከላዩ ስትወድቅበት እሷንም ጀርባዋን መታት። እኔ ዱላውን ለመያዝ ሄጄ በክርኑ አፍንጫዬን ብሎ ጣለኝ።

ያን ጊዜ አጎቴ ተነሣ። የሚመራው የለም፤ የምቱን ድምፅ ተከትሎ፣ እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ገልብጦ ሄደ። «አያ! አያ፣ ተው!» ይላል። ታላቁ ዱላውን አንሥቶ ነበር፤ የወንድሙን መምጣት ማየቱንና አለማየቱን እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። ምቱ አጎቴን ከፋሻው ጠርዝ ላይ፣ ከግንባሩ በግራ በኩል አገኘው። በግንባሩ መሬት ተደፋ። ስናገላብጠው ፋሻው ቀልቶ ነበር።

ዘበኞቹ ተረባርበው ታላቁን ያዙት። አልታገላቸውም፤ መሬት ላይ ያለውን ወንድሙን እያየ፣ «ማን ግባ አለው? ማን በመካከል ግባ አለው?» ይል ነበር። ፖሊስ መጥቶ እጁን አስሮ ወሰደው።

ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታ ሁለቱን ቆቦች የያዘው ክር በአንድ በኩል ሥጋውን ቀድዶ ወጥቷል። ከተለጠፈው ቆዳ ሥር ደም ተቋጥሯል። ደሙን አስወጥቶ እንደገና ሰፋው። ሲሰፋው ከበፊቱ የባሰ ነበር፤ ያበጠ ሥጋ ላይ መርፌ ሲገባ አጎቴ የአልጋውን ብረት ይዞ አጎበጠው። ሐኪሙ እጁን ሲታጠብ ምን ይመስልዎታል አልሁት። ይያዝ አይያዝ አላውቅም አለኝ።

ጎረቤቱም ክንዱ ታስሮ እዚያው ክፍል ተኛ፤ የወንዶቹ ክፍል አንድ ነው። አልጋቸው ፊት ለፊት ሆነ። ለጥቂት ቀናት አልተነጋገሩም። አንዱ ማየት አይችልም፣ ሌላው መገላበጥ አይችልም፤ ሁለቱም ግን ይተነፍሳሉ፣ ይሰማማሉ። በመጨረሻ ጎረቤቱ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ቆዳዬን ሐኪሙ አልወስድም አለ እንጂ እኔስ ሰጥቼህ ነበር አለው።

አጎቴ፣ «የአንተ ቆዳማ ቢለጠፍብኝ ጉድ ነበር» አለ። «በየክረምቱ ወሰን እየገፋ ግንባሬን ሁሉ ይወስደው ነበር።»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት በሽተኞች ሳቁ። ጎረቤቱም ሊስቅ ሲል የተሰበረ ክንዱ አሞት አቃሰተ። አጎቴ ግን አልሳቀም፤ እውነቱን ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ሲያቃስት በሰማ ቁጥር፣ ተጎዝጉዞለት እንደሆነ፣ ውኃ ጠጥቶ እንደሆነ እንድጠይቅለት ይልከኝ ነበር። ሽማግሌም ከሆስፒታሉ ከወጡ በኋላ እንዲቀመጥ ሁለቱ ተስማሙ።

ክሩ የሚፈታበት ቀን ደረሰ። ሐኪሙ መጀመሪያ ፋሻውን አነሣ። ምቱ ያረፈበት የቆዳው ጥግ ጠቁሮ ሞቶ ነበር፤ የቀረው ግን ቀላ ብሎ ተይዟል። ክሩን በመቀስ ቆረጠው። ክፈት አለው። አጎቴ ፈራ። ያ ሰው ዓመት ሙሉ ዓይኑን መክደን አቅቶት ኖሮ፣ አሁን መክፈት ፈራ። ቀስ ብሎ ከፈተ። ከዚያ ክደን አለው፤ ከደነ። በጥጉ በኩል ቀጭን ክፍተት ቀረ እንጂ ተከደነ። ነጩ ነገር ከታች አለ፤ አልጨመረም። ሐኪሙ ጣቱን እያራቀ አሳየው፤ አየ። ወደ እኔ ዞረና፣ አፍንጫህ ጠምሟል፣ ምን ነካው አለኝ። አያ ነው አልሁት።

ያኔ ነው ወህኒ ቤት ውሰደኝ ያለኝ።

እንጀራና ዶሮ ወጥ ይዘን ሄድን። እስረኞቹን በእንጨት አጥር መካከል ነው የሚያነጋግሯቸው። ታላቁ ወጥቶ ከአጥሩ ወዲያ ቁጢጥ አለ። ከስቷል። ወንድሙን ሲያይ ፊቱን መለሰ። አጎቴ፣ «አያ፣ እየኝ እንጂ» አለው። ዘግይቶ ዞረ።

«እስቲ ክደነው» አለው።

አጎቴ ከደነው። ታላቁ አፉን አጣሞ ቆየና፣ «ሸጋ አድርገው ሰፍተውሃል። አሁን ማን ተበድላችኋል ይለናል?» አለው።

አጎቴ እንጀራውን ፈትቶ በወጡ አጠቀሰና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ በእንጨቶቹ መካከል እጁን አሻገረ። ታላቁ አፉን አልከፈተም። ጉርሻ የያዘ እጅ ደግሞ ሳያጎርስ አይመለስም፤ አጎቴ እንደዘረጋ ቆየ፤ ወጡ በክርኑ ላይ ወረደ። ሌሎቹ እስረኞች ማየት ጀመሩ። በመጨረሻ ታላቁ አፉን ከፈተ። ጉርሻውን ሲቀበል ግን ጥርሱን ከጣቶቹ ላይ ገጠመው። ነከሰው፤ አጥብቆ፣ እስኪደማ ነከሰው። አጎቴ ፊቱ ተጨማደደ፣ ዓይኑ ውኃ ሞላ፤ እጁን ግን አልሳበም። በዚያ አዲስ ቆብ ሥር ወንድሙን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያርገበግብ ያየዋል።

ታላቁ ለቀቀው፤ አላመጠ፤ ዋጠ።

አጎቴ ጣቱን በጋቢው ጠረገና ሁለተኛውን ጉርሻ መጠቅለል ጀመረ።